የእማማ ምላጭ ወንበር

ጀልባው ገና ገመዱን ሳይጥል ነው እንግዶቹ ስልካቸውን የሚያወጡት። ይሄ እንግዲህ የሁልጊዜ ነው። ደሴቷ ትንሽ ናት፤ ከዚህ ጫፍ ሆናችሁ ብታስነጥሱ ከዚያኛው ጫፍ "ይማርህ" የሚል ሰው አታጡም። ቤቶቿ ግን ቀለም በቀለም ናቸው። አንዱ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ፣ ጎኑ ያለው ደማቅ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ቀጥሎ ደግሞ ስሙን ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀው አንድ ዓይነት አረንጓዴ። ድሮ ዓሣ አጥማጆች በጉም ውስጥ ሲመለሱ ቤታቸውን እንዲለዩ ነው ይባላል። ከመጠጥ ቤት ሲመለሱም ጠቅሟቸዋል።

እንግዶቹ ቀለሙን ያነሳሉ፣ የመስኮቱን አበባ ያነሳሉ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ የሰው ካልሲ ሳይቀር ያነሳሉ። የሰው ካልሲ! ምን ሊያደርጉበት እንደሆነ እነሱ ይወቁ። ከዚያ በጠባቧ መንገድ ተግተልትለው ወደ ዳንቴል ቤቱ ይሄዳሉ። የመጡትም ለዚሁ ነው፤ የደሴቷ ዳንቴል ስሙ ከእሷ ቀድሞ ሩቅ አገር ደርሷል።

ዳንቴል ቤቱ አንድ ረጅም ክፍል ነው። ወለሉ ጣውላ፣ መስኮቱ ሰፋፊ። ሴቶቹ በረድፍ ተቀምጠው ይሠራሉ፤ እንግዳ ሲገባ ቀና ብለው ፈገግ ይላሉ። በመጨረሻው መስኮት አጠገብ ግን አንዲት ሴትዮ ጀርባቸውን ለሰው ሰጥተው ተቀምጠዋል። ግራጫ ሹራብ፣ በማበጠሪያ የተያዘ ነጭ ፀጉር፣ ቀጥ ያለ ትከሻ። እንግዳው የሚያየው ይሄንኑ ነው። "ይቅርታ፣ ፊትዎን ማንሳት ይቻላል?" ብሎ ለሚጠይቅ መልሳቸው አንድ ነው።

"ጀርባዬ ምን አነሰው?"

እማማ ምላጭ ይሏቸዋል። ስሙን ያወጣላቸው ሥራቸው ነው፤ ምላሳቸውም አግዟል።

ሥራቸውን ካልነገርኳችሁ የሚቀጥለው አይገባችሁም። እዚህ ደሴት ላይ አንድን ዳንቴል አንድ ሰው አይሠራውም። አንዷ ንድፉን ወረቀት ላይ ታወጣለች። ሌላዋ ወረቀቱን ድርብ ጨርቅ ላይ ታደርግና የንድፉን መስመር ተከትላ ክር ትዘረጋለች፤ ክሩንም በጥቃቅን ማሰሪያ ከወረቀቱና ከሁለቱ ጨርቆች ጋር ትሰፋዋለች። ሥራውን የምትጀምረው እሷ ናትና ጀማሪ ትባላለች። ከዚያ አበባ የምትሞላው አበባውን፣ መረብ የምትሠራው መረቡን፣ ጠርዝ የምታወጣው ጠርዙን እየሠሩ ከእጅ ወደ እጅ ያስተላልፉታል። አበባ የምትሞላዋን "እስኪ መረብ ሥሪ" ብትሏት ዐይኗን አፍጥጣ ታያችኋለች። ለእሷ የተሰጣት አበባ ነው፣ በቃ።

ሁሉም ሠርተው ሲጨርሱ ዳንቴሉ ገና እስረኛ ነው፤ ከወረቀቱና ከጨርቁ ጋር እንደተሰፋ ነው። የሚፈቱት እማማ ምላጭ ናቸው። ሁለቱን ጨርቆች በጣታቸው ይለያዩና በመሐላቸው ምላጭ ይሰዳሉ። የማሰሪያ ክሮቹ ጠስ ጠስ እያሉ ይበጠሳሉ፤ ዳንቴሉም ከላይ ብቻውን ይነሳል። ምላጩ ቅንጣት ታህል ወደ ላይ ካለ ግን የላይኛውን ጨርቅ አልፎ ዳንቴሉን ይቆርጠዋል። ያን ጊዜ የስንት ሴት የወራት ልፋት ውኃ በላው። መጠገን የሚባል ነገር የለም። "የተቆረጠውን ለድመቷ ስጧት፣ ትጫወትበት" ነው የሚሉት እማማ ምላጭ፤ በእሳቸው እጅ ግን አንድም ቀን ድመት ተጫውታ አታውቅም።

ምላጩ ታዲያ ከእናት ለሴት ልጅ አይወርድም። ከአማት ለምራት ነው የሚወርደው። ሴት ልጅ አግብታ ትሄዳለች፣ ምራት ግን ትመጣለች ብለው ነው የጥንቶቹ። እማማ ምላጭም አዲስ ሙሽራ ሳሉ አማታቸው ጎን ተቀምጠው፣ እየተቆጡና እየተቆነጠጡ ነው የተማሩት። ወንበሩም ያኔ የነበረው ነው። እግሮቹ ከመሰንበት ብዛት ጣውላውን ሰርስረው ጉድጓድ ሠርተዋል። መስኮቱ በግራ እንዲውል ተደርጎ ነው የተቀመጠው፤ ቀኝ እጅ ሲሠራ ጥላው ሥራው ላይ እንዳያርፍ። ስለዚህ ፊት ወደ ግድግዳ፣ ጀርባ ወደ በር። ማንም አዙሮት አያውቅም፤ ማዞር የሚቻል መሆኑም ለሰው ትዝ ብሎት አያውቅም።

እንግዲህ እማማ ምላጭ ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ እንግዶቹን የሚያመላልሰው ጀልባ ነጂ። እሱ ደግሞ ደሴቷ ሙሉ ልጃገረድ እያለች ከውኃው ማዶ ካለው ከተማ ሚስት ይዞ መጣ። ይሁን። የማዶ ሰውም ሰው ነው አሉና እማማ ምላጭ ዋጥ አደረጉት። በገባች በሳምንቱ፣ ደንቡ ነውና ዳንቴል ቤት ወሰዷት። ሴቶቹ ሁሉ ሥራቸውን አቁመው እያዩ፣ አንዲት የብርጭቆ ማስቀመጫ ዳንቴል ፊቷ አስቀመጡና ምላጩን አቀበሏት። ልጅቷ በግራ እጇ ተቀበለች።

"በቀኝሽ!" አሉ።

"በቀኜ አልችልም እማማ። ግራኝ ነኝ።"

በግራ እጁ ምላጭ የያዘ ሰው እዚያ ወንበር አጠገብ ታይቶ አይታወቅም። እማማ ምላጭ ምላጩን መንጭቀው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ቤት ይዘዋት ተመለሱ። ማታ ልጃቸው ላይ ወረዱበት።

"ምነው ልጄ፣ ሁለት ቀኝ እጅ ያላት ትቅርብህና አንድ እንኳ ያላት አጣህ?"

"እማዬ፣ እጇን አይደለም እኮ ያገባሁት።"

"እኔ ግን የጠበቅሁት እጇን ነበር!"

በዚሁ ቀረ። ልጅቷ ጀልባው ላይ ቲኬት ቆራጭ ሆነች፤ የቲኬት ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ ከባሏ ጋር ትወጣለች፣ ቀትር ሳይደርስ ቤት ትገባለች። እማማ ምላጭ ለሰው ሲያወሩ "የማዶዋ" ይሏታል፤ ፊት ለፊት ደግሞ "አንቺ"። ክፉ አልነበሩም፤ ስትታመም ሌሊቱን ቁጭ ብለው ያድራሉ። ግን ያቺን ቀን ይቅር ሊሏት አልቻሉም። ልጅቷ ያጠፋችው ጥፋት አለመኖሩን ያውቁታል እኮ! እያወቁም አልሆነላቸውም። የሰው ሆድ እንዲህ ነው፤ ምን ይደረጋል?

ብርዱ የገባ ሰሞን ነው ነገሩ የጀመረው። አንድ ጠዋት ሻይ ሲጠጡ ስኒው ከማስቀመጫው ጋር ሲንጫጫ ሰሙ። ጀልባ ያለፈ መሰላቸውና ወደ መስኮቱ አዩ። ጀልባ የለም። ወደ እጃቸው አዩ። ቀኝ እጃቸው ብቻውን ይንቀጠቀጣል፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። በግራቸው ያዙት፤ ተወ። ሲለቁት ደግሞ ጀመረ።

ድንግጥ አሉ። ለማን ይነገራል? ለሴቶቹ ቢነግሩ ምላጩን አስቀምጪ መባሉ ነው። አስቀምጠውስ ምን ሊሠሩ? መርፌ አያውቁ፣ አበባ አይሞሉ፣ መረብ አይሠሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁት ያቺን ምላጭ ነው። እሳቸው ከተነሱ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ የለም፤ የሚቀመጥ እንዳይኖር ያደረጉትም እሳቸው ናቸው። ይሄ ይሄ እንቅልፍ ነሳቸው።

እናም ዘዴ ፈጠሩ። "የእንግዶቹ ትንፋሽ ማጅራቴን አቃጠለኝ፤ ከእንግዲህ ቤቴ ወስጄ ነው የምፈታው" አሉ። ምላሳቸውን የሚደፍር የለምና ሴቶቹ እሺ አሉ። ከዚያ ወዲያ ቤት፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ ቀኝ አንጓቸውን በግራ እጃቸው ጨምድደው ይዘው ጥቂት ክር ይበጥሳሉ፤ ያርፋሉ፤ ደግሞ ጥቂት። ምራታቸው ከጠረጴዛው ማዶ ድንች ትልጣለች። የምታያቸው አትመስልም። ከምሳ በኋላ እማማ ምላጭ ድካሙ ይጥላቸውና ሸለብ ለማድረግ መኝታ ቤት ይገባሉ።

አንድ ቀን ሲነሱ ከጠበቁት በላይ ተሠርቶ አገኙት። "እዚህ ድረስ አድርሼው ኖሯል?" አሉ። በሌላው ቀንም እንዲሁ። በሌላውም። የቀራቸው ሁልጊዜ ጥቂት ክር ብቻ ነው፤ ቶሎ ጠስ ጠስ አድርገው ይጨርሱታል። እማማ ምላጭ ልባቸው ሞላ። ድሮም ብርዱ ነው እንጂ እጄ ምን ሆነ አሉ። ጭራሽ ጉራ ጀመሩ! ዳንቴል ቤት ገብተው "አያችሁልኝ? እጄ እኮ ጎረመሰ" እያሉ ለሴቶቹ ያስጎበኛሉ፤ እጃቸውን ግን ከሹራባቸው ኪስ አያወጡም።

ልጃቸው በዚያ ሰሞን ሌላ እሮሮ ነበረበት። "ሸሚዞቼን ምን እየበላቸው ነው? አሮጌው አለቀ፣ አዲሱ ሊጀመር ነው" እያለ ቁም ሣጥኑን ያተራምሳል። ሚስቱ "ብል ይሆናል" ትለዋለች።

ነገሩ በዚሁ ቢሄድ ደግ ነበር። አልሄደም። ዳንቴል ቤቱ በር ላይ በመስተዋት ውስጥ የሚሰቀል አንድ ትልቅ ዳንቴል አለ፤ የደሴቷ ፊት እንደማለት ነው። አሮጌውን ፀሐይ በላውና ሴቶቹ ከዓመት በላይ የፈጀ አዲስ ሠሩ። የጀመሩት እትዬ ጀማሪ ናቸው፤ የእማማ ምላጭ የልብ ጓደኛ፣ አብረው ያረጁ። እትዬ ጀማሪ ዐይናቸው እየጠፋ ነው። ሐኪሙ የሚነገረውን ሁሉ ነግሯቸዋል። አሁን የሚያዩት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው፤ ያንን ዳንቴል የጀመሩት ግን ገና እያዩ ነበር። አንድ ቀን በዱላቸው እየተደገፉ እማማ ምላጭ ቤት መጡ።

"ይሄ የመጨረሻዬ ነው፣ ታውቂያለሽ" አሉ። "ከእንግዲህ መስመር አላይም። ካንቺ ሌላ ማንም እንዳይነካብኝ። ቃል ግቢልኝ።"

"ደሞ ለዚህ! ማን ሊነካው ኖሯል?" አሉ እማማ ምላጭ። እጃቸው ጠረጴዛው ሥር ነው፤ ጉልበታቸው መሐል ቀብረውታል።

"ቃል ግቢ ስልሽ።"

"ገባሁልሽ፣ በቃ!"

በሩ ላይ የሚሰቀለው ዳንቴል ደግሞ ቤት ተወስዶ አይፈታም። እዚያው፣ ወንበሩ ላይ፣ ሴቱ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ጀልባው ያመጣው እንግዳም ከኋላ ቆሞ እያየ ነው። ለዚያው ሳምንት ቅዳሜ ቀን ተቆረጠለት። እማማ ምላጭ ግን እጃቸው ጎርምሷል ብለው አምነዋልና ብዙ አልፈሩም። ትንሽ ብቻ ነው የፈሩት።

ሐሙስ ዕለት አንዲት የትሪ ልብስ ዳንቴል ጨርሰው፣ ጨርቁ ላይ የቀሩትን የክር ቁራጮች ይለቅሙ ነበር። የመነጽራቸውን ጫፍ ገፋ አድርገው አዩ። ደግመው አዩ። ምላጭ ክር ሲበጥስ ቁራጩን ወደሚሄድበት ያጋድመዋል። የእሳቸው ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የሚጋደመው፤ የራሳቸውን አቆራረጥ እንደ ልጃቸው ሳል ያውቁታል። እነዚህ ግን ጥቂቶቹ ብቻ ወደ ግራ፣ የቀሩት በሙሉ ወደ ቀኝ ተጋድመዋል። ዝንፍ የማይል፣ የተስተካከለ አቆራረጥ። የግራኝ እጅ።

ደማቸው ፈላ። "አሃ!" አሉ ብቻቸውን። "እኔ ቤት! እኔ ተኝቼ! ምላጬን!" በማግስቱ ወጥመድ ዘረጉ። አንዲት ትንሽ ዳንቴል ጠረጴዛው ላይ ጀምረው ተዉና "ደከመኝ" ብለው ገቡ፤ ጫማቸውን በኃይል ጥለው አልጋውን ሲጥ አደረጉት። ከዚያ በባዶ እግራቸው ተመልሰው በበሩ ስንጥቅ ማየት ጀመሩ። እንደያዟት የሚሏትን ሁሉ በሆዳቸው አዘጋጅተዋል፤ እናንተ ብትሰሙት ጆሯችሁ ይግል ነበር።

ልጅቷ ድንቹን አስቀመጠች። እጇን ታጠበች፣ አደረቀችው፤ ደግማ አደረቀችው። ዳንቴሉን ይዛ ከጓሮ በር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ብርሃኑ በቀኝ በኩል እንዲመጣላት ዞር ብላ። የቲኬት ቦርሳዋ ገና ትከሻዋ ላይ ነው። ግራ እጇ ምላጩን ወደ ጨርቆቹ መሐል ሰደደ። እማማ ምላጭ ትንፋሻቸውን ዋጡ። እጅ ነው! እንዴት ያለ እጅ ነው! አይቸኩል፣ አይፈራ፣ ውኃ በቦይ እንደሚሄድ ይሄዳል።

ሊጮሁ አፋቸውን የከፈቱት ልትጨርሰው ስትል ነው። እሷ ግን ቆመች። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ክሮች ሳትነካ ተወቻቸው። ምላጩን ባገኘችበት ቦታ፣ ባገኘችበት አቅጣጫ መለሰች፤ መነጽሩንም ላዩ ላይ እንደነበረ አጠፈችው።

"ምናለ ብትጨርሰው? ምን አስተዋት?" አሉ በሆዳቸው። ወዲያው ገባቸው። ለእሳቸው ነው የተወችላቸው። እኔ ጨረስኩት እንዲሉ። እሳቸው ዳንቴል ቤት ሄደው ጉራቸውን ሲነዙ እሷ እንግዶቹን አድርሳ እዚያው በሩ ላይ ቲኬቷን ይዛ ቆማ ሰምታለች፤ አንድም ቀን ፊቷ ላይ ነገር አላዩባትም።

ያዘጋጁትን ስድብ ሁሉ ተዉት። ኮቴያቸውን አጥፍተው ወደ አልጋው ተመለሱ፣ ብርድ ልብሱን ተከናነቡና ድምፃቸው እንዳይሰማ ትራሱን ነክሰው አለቀሱ። አፍረው ነው ያለቀሱት። ደግሞም ደስ ብሏቸው፤ እሱ ነው ይበልጥ ያሳፈራቸው።

ማታ ራት ላይ ሌላ የሚሉት ቢያጡ "ሾርባው ጨው በዝቶበታል" አሉ። "እሺ እማማ፣ ሁለተኛ እጠነቀቃለሁ" አለችና ሻያቸውን አቀረበችላቸው። ስኒው እስከ ግማሹ ብቻ ነው የተሞላው። እንዳይፈስባቸው። እማማ ምላጭ ስኒውን ብዙ አዩት። ብርዱ ከገባ ጀምሮ እንዲህ እያደረገች ስትሰጣቸው እንደቆየች ያን ጊዜ ገና አስተዋሉ።

ቅዳሜ ደረሰ። ጀልባው ጢም ብሎ መጣ። ዳንቴል ቤቱ መግቢያ አጣ፤ እንግዳው ከኋላ በእግሩ ጣት እየቆመ ይንጠራራል፣ አንዱማ "ማሽኑ የት ነው ያለው?" ብሎ ጠርዝ የምታወጣዋን አስቆጣት። እማማ ምላጭ ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ ጀርባቸው እንደተለመደው ወደ ሰው። ከጎናቸው እትዬ ጀማሪ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አንድ እጃቸውን ዳንቴሉ ጠርዝ ላይ አሳርፈዋል፤ በዐይናቸው ባያዩ በጣታቸው ሊሰሙት። የማዶዋ ከነቲኬት ቦርሳዋ በሩ ጋ ቆማለች።

እማማ ምላጭ ጨርቆቹን ለያዩ። እውነት ለመናገር ሌሊቱን ሙሉ የተማከሩት ከኩራታቸው ጋር ነው። "ቃል ገብተሻል" አላቸው ኩራታቸው። "አንድ ቀን ነው፣ ጥርስሽን ነክሰሽ ተወጪው።" አንጓቸውን ጨምድደው ምላጩን ሰደዱ። የመጀመሪያው ጠርዝ ጠስ ጠስ ብሎ ሄደ። ሴቶቹ ተነፈሱ። ከዚያ የንድፉ መስመር የሚታጠፍበት መዞሪያ ጋ ሲደርሱ ቀኝ እጃቸው ከግራው አመለጠ። የምላጩ ጫፍ የላይኛውን ጨርቅ በስቶ ብቅ አለ።

ብቅ ያለው በሁለት አበባ መሐል፣ መረቡ ገና ባልጀመረበት ባዶ ቦታ ነው። የጣት ጥፍር ታህል ወዲህ ቢል አልቆ ነበር። ማንም አላየም፤ ጀርባቸው ጋርዶታል። መልሰው ወደ ውስጥ ሳቡት። እትዬ ጀማሪ ደግሞ ምንም ሳያውቁ፣ ጣታቸው ዳንቴሉ ላይ እንዳረፈ፣ ወደ ግድግዳው ፈገግ እንዳሉ ናቸው። እማማ ምላጭ ያንን ፈገግታ አዩ። ይቺን ሴትዮ እኔ ልበድላት? አሉ። ስለ ወንበር ብዬ?

ምላጩን ቀስ ብለው አወጡና ተነሱ።

"ምነው? ምን ሆነሽ ነው የቆምሽው?" አሉ እትዬ ጀማሪ።

እማማ ምላጭ ወደ ሰዉ ዞሩ። ቀኝ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። ሁሉም አየው።

"እጄ ይንቀጠቀጣል" አሉ፣ ከኋላ ያለው እንዲሰማ ጮክ ብለው። "ብርዱ ከገባ ጀምሮ ነው። ጎረመሰ ያልኳችሁ ውሸት ነው። በዚህ ሰሞን የወሰዳችሁትን ዳንቴል ሁሉ የፈታችው ያቺ ናት። እዚያ በሩ ጋ፣ ቦርሳ ያነገተችው። ነይ አንቺ!"

ልጅቷ ወደ ኋላ ልታፈገፍግ ስትል እንግዳው መንገዱን ዘጋት። "እማማ፣ እኔ አልችልም..."

"ዋሽተሽ ነው! በዐይኔ በብረቱ አይቼሻለሁ። ማን አስተማረሽ?"

"እርስዎ ነዎታ" አለች፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። "ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ ሳይዎት... ፊት ለፊት ስለሆንን የእርስዎ ቀኝ በእኔ ግራ በኩል ነበር። እንዳለ ገለበጥኩት። መጀመሪያ በአሮጌ ሸሚዝ ላይ ነው የለመድኩት።"

"ሸሚዞቼን!" አለ ጀልባ ነጂው ከሕዝቡ መሐል። ሴቶቹ ፈነዱ፤ ሳቁም ድንጋጤውን ትንሽ አስታገሰው።

እትዬ ጀማሪ ግን አልሳቁም። "ቃል ገብተሽልኛል" አሉ።

"ገብቼልሻለሁ። አፈርስብሻለሁም። ካልሆነ ዳንቴልሽን ለድመት ነው የምሰጥብሽ" አሉ እማማ ምላጭ፤ ድምፃቸው እዚህ ላይ ተሰበረ። "የኔ እጅ አልቋል፣ እህቴ። እውነቱ ይሄው ነው።"

እትዬ ጀማሪ እጃቸውን ዘረጉ። "እስኪ ያንን እጅሽን ወዲህ በይ፣ ልጅት። ግራውን ነው የምልሽ!" ልጅቷ ሰጠቻቸው። ያዙት፣ ዳበሱት፣ መዳፉን ገለበጡት፤ ብዙ ጠበቁ። እጁ ዝም ብሎ ተቀመጠላቸው። "አይነቃነቅም" አሉ በመጨረሻ። "በሉ ትቀመጥ።"

"እንዲህ አትቀመጥም" አሉ እማማ ምላጭ። "ብርሃኑ በግራዋ ሆኖባት እንዴት ታያለች?"

ጎንበስ አሉና ወንበሩን ያዙ። እግሮቹ ጉድጓዳቸው ውስጥ ተቀርቅረው እምቢ አሉ። ልጃቸው ሊያግዝ ሲመጣ በክርናቸው ገፉት። አንዴ፣ ሁለቴ ነቀነቁት፤ ወንበሩ ሲጢጥ ብሎ ወጣ። ፊቱን ከግድግዳው አዙረው ወደ በሩ፣ ወደ ሰዉ አደረጉት። አበባ የምትሞላዋ "አበስኩ ገበርኩ!" ስትል ተሰማች። መስኮቱ አሁን በቀኝ ሆነ። እማማ ምላጭ የቲኬቱን ቦርሳ ከልጅቷ ትከሻ አውርደው በራሳቸው አንገት አጠለቁትና ምላጩን አቀበሏት። በግራ እጇ ተቀበለች።

እማማ ምላጭ ከእትዬ ጀማሪ ጎን ተቀመጡ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የክሩ ጠስ ጠስ ማለት ብቻ ነበር። አበባዎቹ አለፉ፣ መረቡ አለፈ፣ መዞሪያው በሰላም አለፈ፤ እትዬ ጀማሪ በጣታቸው እየተከተሉ "እህ... እህ..." ይላሉ። ልጅቷ እስከ መጨረሻው ጠርዝ ደረሰች፣ ጥቂት ክር ሲቀራት ቆመች፤ ቀና አለችና እንደልማዷ ምላጩን ወደ አማቷ ዘረጋች።

እማማ ምላጭ አልተቀበሏትም። ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት አደረጓቸው። ቀኙ ይንቀጠቀጣል። አልሸፈኑትም።

ከፊት የቆመች አንዲት እንግዳ ስልኳን አነሳች። "ይቅርታ እናቴ፣ ፊትዎን ማንሳት ይቻላል?"

"እኔን ተዪኝ" አሉ እማማ ምላጭ። "የልጄን እጅ አንሺ።"

ምላጩ በተዘረጋበት ቀረ። የልጅቷ ዐይን እንባ ሞላ፤ ይሄን ሁሉ ዘመን ልጄ ብለዋት አያውቁም። እማማ ምላጭ ደግሞ ይሄን ሲያዩ ጭራሽ ባሰባቸው።

"ምን ታፈጪብኛለሽ? ሥራሽን እዪ!" አሉ፣ በሹራባቸው እጅጌ ፊታቸውን እየጠረጉ። "እንባሽ ዳንቴሉ ላይ ቢንጠባጠብ እኔና አንቺ አንተዛዘንም!"

"እሺ እማማ" አለች፣ ዐይኗን በትከሻዋ ጠረገችና ቀሪዎቹን ክሮች በጠሰች። ዳንቴሉ ተነሳ። እትዬ ጀማሪ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት።